ሃያ ከሃያ መሳት

ወይንእሸት የቢቸናን ተማሪ ሁሉ ለሁለት ከፍላ ነበር የምታውቀው፤ ማትስ የሚጠይቋት እና ሊጠይቋት ፈልገው የሚያፍሩ። ሦስተኛ ዓይነት ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። አይፈረድባትም። ከአንደኛ ክፍል ጀምራ አንደኛ እየወጣች አሥረኛ የደረሰች ልጅ ናት። በ2007 ዓ.ም. መስከረም ላይ የአንድ ለአምስት መሪዎች ሲመረጡ፣ የእሷ ስም ሲጠራ እጅ ማውጣት እንኳ አላስፈለገም። ነገ ይነጋል ወይስ አይነጋም ተብሎ ድምፅ ይሰጣል እንዴ። አንድ ለአምስት የሚባለው ያኔ በየክፍሉ የነበረ አሠራር ነው፤ አንድ ጎበዝ መሪ ይሆንና አምስት ልጅ ሥሩ ይደረጋል፣ ያልገባቸውን ያስረዳቸዋል። ለወይንእሸት ግን አምስት አልበቃትም፤ የሌላ ቡድን ልጆችም በእረፍት ሰዓት ይሰለፉላት ነበር።

ስታስረዳ መጀመሪያ ትተነፍሳለች። ረዥም ትንፋሽ። "ይኼም ጠፋሽ?" ማለቷ ነው፣ ግን በአፏ አትለውም፤ ትንፋሹ ይበቃል። ከዚያ እስክሪብቶውን ከጠያቂው እጅ ትቀበልና፣ የራሷን ቀለም መቼም አትጨርስም፣ ሦስት መስመር ጽፋ "በቃ" ትላለች። ልጁ "እሺ" ብሎ ይሄዳል። ግማሾቹ ሳይገባቸው ነበር የሚሄዱት። እሷ "እሺ" መባሏን እንጂ መግባት አለመግባቱን ከጉዳይ አትጥፈውም።

አስቻለች የመጣችው ጥቅምት ላይ ነው፣ ከሞጣ። አባቷ ነርስ ናቸው፤ ወደ ቢቸና ሲዛወሩ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ዘግይታ ስለተመዘገበች ተራ ቁጥሯ የክፍሉ የመጨረሻ ሆነ፣ ስልሳ ሦስት። ወይንእሸት አጠገብ ክፍት ቦታ ነበረና እዚያ ተቀመጠች፤ በዚያው ቡድኗ ውስጥ ገባች። ቀጭን ናት፣ ዝምተኛ። ተጠይቃ ስትነሳ ድምፅዋ ሞጣ የቀረ ነበር የሚመስለው። ክፍሉ ደግሞ ክፍል ነው፤ ለመለሰ "አጨብጭቡለት" ይባልና ይጨበጨብለታል፣ የሳተ ደግሞ ከኋላ ወንበር "ውይይይ" ይወርድበታል። አስቻለች አንዴ ውይይይ ከተባለች በኋላ ብትሞት እጅ አላወጣችም።

ወይንእሸት ወደደቻት። እንዴት አትወዳት? ከጠዋት እስከ ማታ የምትጠይቃት፣ ስትመልስላት ዓይኗ እንባ የሚያቀርር ልጅ እግዜር አምጥቶ አጠገቧ ሲያስቀምጥላት። ቆሎዋን ታካፍላታለች፣ ቤቷ ትወስዳታለች፣ ለሰው ሁሉ "የኔ ልጅ ናት፣ እኔ ነኝ የማስጠናት" ትላለች። እናቷ ይርገዱ እንኳ እንግዳ በመጣ ቁጥር አስቻለችን አስቀምጣ ልጇ ስታስረዳ ታሳይ ነበር።

ይኼ ሁሉ እስከ ታኅሣሥ ነው።

ታኅሣሥ ላይ የማትስ መምህራቸው መምህር ገላው የኮምፒውተሩን ክፍል አስከፈቱ። ያ ክፍል ከዞን እንግዳ ሲመጣ ብቻ የሚከፈት፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ በጨርቅ ተሸፍኖ የሚኖርበት ክፍል ነበር። መምህር ገላው ሞጣ ከሚያስተምር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛቸው ጋር ሆነው ኢንተርኔት ላይ የማትስ ኩዊዝ አዘጋጅተዋል። ተማሪው ስሙንና ተራ ቁጥሩን አስገብቶ ይከፍታል፤ ጥያቄው ይመጣል፣ አራት ምርጫ አለው፣ አንዱን ይነካል። ውጤቱ እዚያው ነው። ልክ ከሆነ አረንጓዴ ይሆንና "ጎበዝ" ይላል። ከሳተ ቀይ ይሆንና "አይዞህ" ይላል፣ ለሴት "አይዞሽ"፤ ከሥሩ የት ጋ እንደተሳሳተ ይጻፍለታል። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፣ ማብራሪያውን ግን መምህር ገላው በአማርኛ አንድ በአንድ ራሳቸው ነበር የጻፉት። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ልምምድ ነው፤ እስኪሰለቻቸው ሊደጋግሙት ይችላሉ። የዓርቡ ግን ውድድር ነው። ሃያ ጥያቄ፣ አንዴ ከተነካ መመለስ የለም፤ ሲያልቅ የሁሉም ስም ከነውጤቱ በደረጃ ይደረደራል።

የሰማውን ሰው ሁሉ ያስደሰተው ደግሞ መጨረሻው ነው። የአራት ዓርብ ውጤት ተደምሮ አንደኛ የወጣችው ወይም የወጣው ልጅ ከመምህር ገላው ጋር ሞጣ ይሄዳል፤ እዚያ ከሞጣው አንደኛ ጋር በትልቅ መጋረጃ ላይ፣ ሕዝብ እያየ ይወዳደራል። ይኼ በተነገረ ዕለት ይርገዱ ልጄ ሞጣ ልትሄድ ነው ብላ ለሠፈሩ አወራች። የመጀመሪያው ዓርብ ገና አልደረሰም ነበር። ወይንእሸትም ምን ለብሳ እንደምትሄድ ወስናለች።

የመጀመሪያውን ዓርብ እሷው አንደኛ ሆነች። ሁለተኛውንም፣ ግን በጭንቅ። ያኔ ነው ዞር ብላ አስቻለችን ያየቻት።

አስቻለች መጠየቅ አቁማለች። መቼ እንዳቆመች ወይንእሸት ልብ አላለችም፤ ጥርስ ሲወልቅ ምላስ ቦታውን ባዶ እንደሚያገኘው ነው ድንገት የታወቃት። እረፍት ላይ ደብተሯን ይዛ ወደ እሷ ትዞር የነበረች ልጅ፣ አሁን ምሳዋን ጎርሳ ሳትጨርስ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ትሮጣለች። አንድ ቀን ወይንእሸት ተከትላ ሄዳ በመስኮት አየቻት። ቀይ መጣ። ቀይ። አሁንም ቀይ። ልጅት ማብራሪያውን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች፣ ትነካለች፣ ቀይ ይመጣል፣ ትስቃለች። ወይንእሸትን የገረማት መሳቋ ነው። ቀይ እያየ የሚስቅ ሰው አይታ አታውቅም። እዚያ "ውይይይ" የሚል የለም፣ የሚተነፍስም የለም። ከዚያ አረንጓዴው መጣ፤ አስቻለች ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ በወንበሯ ላይ ዘለለች፣ ብቻዋን።

ወይንእሸት ከመስኮቱ ራቀች። እኔን ስትጠይቅ እንዲህ ዘልላ ታውቃለች? አታውቅም።

ሦስተኛው ዓርብ ላይ አስቻለች አሥራ ዘጠኝ አመጣች። ወይንእሸት አሥራ አራት፤ ቸኩላ፣ ጥያቄውን በግማሽ እያነበበች። በድምሩ አስቻለች በሁለት ነጥብ መራች። ስሟ ከወይንእሸት ስም በላይ ተጻፈ፤ በስክሪን፣ በደማቁ።

ከዚያ በኋላ ወይንእሸትን የማያስቀናት ነገር ጠፋ። መምህር ገላው "አስቻለች፣ በርቺ" ሲሉ ያስቀናታል። በርቺ ሳይሉ ቀርተው ዝም ብለው ሲያዩአትም ያስቀናታል። የአስቻለች ሹሩባ፣ የእስክሪብቶ ክዳን የምትነክስበት አነካከስ፣ አባቷ ደብተሯን የሸፈኑበት የጤና ጣቢያ ፖስተር፣ ሁሉም። ቤት ስትሄድ ደግሞ እናቷ አለች። "ያች የሞጣ ልጅ አለፈችሽ አሉ?" አለች ይርገዱ አንድ ማታ እራት እያቀረበች። ወይንእሸት ኢንተርኔት ስለሆነ ነው አለች። "ታዲያ ላንቺ ኢንተርኔት አይደለም? አንቺም እንደሷ አፍሽን ዘግተሽ ብትሠሪ" አለችና እናት እንጀራ ጨመረችላት። ወይንእሸት ያን ማታ አልበላችም፤ ማለት ያጎረሷትን ብቻ በላች።

ክፍል ውስጥ ደግሞ አዲስ ነገር አመጣች፤ ሞጣን ለማሸነፍ የሞጣ ልጅ ይላካል እንዴ፣ ሄዳ ለዘመዶቿ ብትለቅላቸውስ እያለች በጆሮ ታወራለች። ወሬው ባየ ጋ ደረሰ። ባየ ከኋላ ወንበር የውይይይ አለቃ ነው። "አንቺስ ደብረ ወርቅ አይደል የተወለድሽው?" አላት ሰው እየሰማ። "ከቢቸናና ከሞጣ መሀል። ስለዚህ እኩል ለእኩል ልታስወጪን ነው?" ክፍሉ ሳቀ። አስቻለችም ሳቀች፣ ትንሽ፣ ያውም ለወይንእሸት አዝና ነበር የሳቀችው። ያ ማዘኗ ከሳቁ ባሰ።

አራተኛው ዓርብ ደረሰ። ለአስቻለች አልደረሰላትም፤ የአያቷ ተዝካር በዚያው ሳምንት መጨረሻ ነበርና ከአባቷ ጋር ሐሙስ ወደ ሞጣ ወጣች። መምህር ገላው ኩዊዙ እስከ ሰኞ እኩለ ቀን ክፍት ይቆያል፣ ሰኞ ጠዋት ገብታ ትሠራለች አሉ። ወይንእሸት ዓርብ ዕለት እያንዳንዷን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አንብባ፣ አስልታ ሠራች። ሃያውም አረንጓዴ። ሃያ ከሃያ። ክፍሉ አጨበጨበላት፤ ደስታዋ ግን ከበሩ አላለፈም። አስቻለች አሥራ ዘጠኝ ካመጣች በድምሩ በአንድ ትበልጣታለች። ባለፈው ስንት ነበር ያመጣችው? አሥራ ዘጠኝ።

ቅዳሜ ገበያው ሲሞቅ ወይንእሸት የቢያድግልኝ ኢንተርኔት ቤት ገባች። የገባችው ውጤቷን ደግማ ልታይ ነው፤ ለራሷ የነገረችው እንደዚያ ነው። አየች። ሃያዋ ቦታው አለ። ከሥሩ የአስቻለች ስም አለ፣ የዓርቡ ቦታ ባዶ። ጣቷ ከገጹ ወጣ። ስም ጻፊ ሲላት "አስቻለች" ብላ ጻፈች። ተራ ቁጥር ሲላት ስልሳ ሦስት። የክፍሉ ልጅ ሁሉ የክፍሉን ልጅ ቁጥር ያውቃል፤ በየማለዳው የሚጠራው ቁጥር ነው። መምህር ገላው እንዲህ ያለ ነገር ይሠራል ብለው ያሰቡት ተማሪ አልነበረም፤ ቢያስቡም ባየን ነበር የሚያስቡት።

ገጹ ተከፈተ። "እንኳን ደህና መጣሽ፣ አስቻለች።"

ሰው እንዳይነቃ ጥቂቱን ልክ አድርጋ ጥቂቱን ልትስት ነበር ሐሳቧ። ዝም ብሎ እየነካኩ መሄድ ይቻል ነበር። ሌላ ልጅ ብትሆን እንደዚያ ታደርግ ነበር። ወይንእሸት ግን ሳታሰላ መንካት አይሆንላትም፤ እጇ አይታዘዝም። መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ትሠራለች፣ ልኩን ታገኛለች፣ ከዚያ ልክ ያልሆነውን መርጣ ትነካለች። ቀይ። "አይዞሽ፣ አስቻለች። ቅንፉን ስትፈቺ ምልክቱን ቀይሪ።" ሁለተኛውን። ቀይ። "አይዞሽ።" እሷ ይኼን ቃል ብዙ አይታው አታውቅም፤ ስታይም ተናድዳ ሳታነብ ነው የምታልፈው። አሁን አነበበችው። መምህር ገላው ቁጭ ብለው ለሚሳሳት ልጅ የጻፉት ነው፣ ቀስ ያለ፣ የአባት ዓይነት። ስንት "አይዞሽ" ተቀብላለች ይቺ ልጅ? በየቀኑ፣ በየምሳ ሰዓቱ። ለእኔ አንድ ቀን አይዞሽ ያለኝ ሰው አለ? ጎበዝ እንጂ። ጎበዝ ብለውኝ ነው የሚሄዱት።

ጥቂቱን ልክ ማድረጉ ተረሳት። በዚያ ንዴት እስከ መጨረሻው ነዳችው። ሃያኛው ቀይ ሲበራ ገጹ "ጨርሰሻል" አለ፤ ዜሮ ከሃያ። ቢያድግልኝ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ውጤት ጥሩ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ጥሩ ነው አለችው። መዳፏን በምራቅ እያሸች ወጣች።

ሰኞ ጠዋት አስቻለች ከመኪና እንደወረደች፣ ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ ነው ኮምፒውተሩ ክፍል የገባችው። ብዙ አልቆየችም። ወደ ክፍል ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ወይንእሸት አጠገብ ተቀመጠችና ጨርሰሻል አለኝ፣ ዜሮ አለኝ፣ እኔ ሳልነካው አለቻት። ወይንእሸት ኔትወርክ ይሆናል አለች፤ የሞጣ መብራት ነው፣ የኢንተርኔት ነገር አይታወቅም፣ ብዙ ነገር አለች። አስቻለች ራሷን ነቀነቀች። አመነቻት። ማመኗም ወይንእሸትን አናደዳት።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ማትስ ነበር። መምህር ገላው መጽሐፍ ሳይዙ ገቡ፣ ጠመኔ ብቻ። ደህና አደራችሁ ብለው ጥያቄ አለኝ አሉ።

"ሃያ ጥያቄ ያለው ኩዊዝ ነው፣ አራት አራት ምርጫ። አንድ ተማሪ ሳያነብ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቢነካካ ስንት ያገኛል?"

ወይንእሸት ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አላሰበችም። ያየችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከጎኗ አስቻለች እጇን ከጠረጴዛው ላይ ስታነሳ። ከጥቅምት ወዲህ ያልተነሳ እጅ ነው። ገና ክርኗ ሳይቃና ወይንእሸት ቆማ ነበር። "አምስት ገደማ" አለች። "ከአራት አንድ ስለሚደርሰው።"

"ጎበዝ። እሺ፣ አንድም ሳያገኝ ሃያውንም የሳተስ?"

"እሱማ እኔ ነኝ ቲቸር" አለ ባየ።

"አንተ እንኳ ዓርብ ስድስት አግኝተሃል፣ ባየ። ተቀመጥ።"

ሳቁ ሲበርድ አስቻለች ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር። እያሰላች ነው። ልትደርስበት ነው። ወይንእሸት ጎኗን እሳት የነካት ያህል ተነስታ፣ ሰሌዳው ላይ ልሥራው ቲቸር አለችና መልስ ሳትጠብቅ ጠመኔውን ከእጃቸው ወሰደች። አንዱን ጥያቄ የመሳት ዕድሉ ከአራት ሦስት ነው ብላ ጻፈች። ሃያውን ለመሳት ይኼ ሃያ ጊዜ በራሱ ይባዛል። ማባዛት ትወዳለች፤ ጠመኔው ይንጫጫል፣ ቁጥሩ በየመስመሩ እያነሰ እያነሰ ይወርዳል፣ ከኋላዋ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። ያ ጸጥታ እሷን የሚያደንቅ ጸጥታ መሰላት።

"ከሺህ ሰው ሦስት ቢሆን ነው" አለች ዞራ። "በዕድል አይሆንም ማለት ይቻላል።"

"በዕድል ካልሆነ ታዲያ ሃያውንም የሚስት ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"መልሱን የሚያውቅ ነው" አለች ወይንእሸት። "ልኩን ሳያውቅ ልኩን ሁልጊዜ መሸሽ አይችልም። ሃያውንም አስልቶ፣ አውቆ..."

እዚያ ላይ ሰማችው፤ የራሷን ድምፅ። ጠመኔው እጇ ውስጥ ተሰበረ። የመምህር ገላው ዓይን የተቆጣ አልነበረም፤ አንድ ስሌት ልክ መምጣቱን እንደሚያይ ሰው ነበር የሚያዩአት።

"ዓርብ ሃያውንም ያወቀ በዚህ ክፍል ስንት ሰው ነበር?" አሉ።

አስቻለች ቀና ብላ ወይንእሸትን አየቻት፣ ከዚያ ሰሌዳውን፣ ከዚያ እንደገና ወይንእሸትን።

"መልሷ ልክ ነው" አሉ መምህር ገላው። "አጨብጭቡላት።"

ክፍሉ አጨበጨበ፤ ሲታዘዝ የሚያጨበጭብ ክፍል ነውና። ወይንእሸት በሕይወቷ ብዙ ተጨብጭቦላታል። እንደዚያኛው ግን መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያሰኛት የለም።

ከክፍል በኋላ ቢሮ ጠሯት። ብዙ አልተናገሩም፤ ለአስቻለች ኩዊዙን እንደገና እንደከፈቱላት፣ አሁን እየሠራች እንደሆነ፣ ውጤቷ ምንም ይሁን ምን ወይንእሸት ሞጣ እንደማትሄድ ነገሯት። የሰው ቁጥር የነካ የትምህርት ቤቱን ስም ይዞ አይሄድም አሉ። ለእናትሽ እነግርብሻለሁ አላሉም። ያ ይባስ አስጨነቃት፤ ራሷ ልትነግር ነው ማለት ነው።

እኩለ ቀን ላይ የአስቻለች ውጤት ወጣ። አሥራ ሰባት። የተዝካር ድካም ይሁን የጠዋቱ ድንጋጤ፣ ሦስት ሳተች። ወይንእሸት ስክሪኑ ፊት ቆማ ደመረች። ደግማ ደመረች። አንድ ነጥብ ትበልጣለች። እሷው ናት አንደኛ። ቅዳሜ ዕለት ገበያ ወጥታ ሽንኩርት ገዝታ ብትመለስ፣ ወይም ቤቷ ተኝታ ብትውል፣ ወደ ሞጣ የምትሄደው እሷ ነበረች። ስሟ በደማቁ ከላይ ተጽፏል። ባየ ከጀርባዋ መጥቶ ተመለከተና ምንም ሳይል ሄደ። ባየ ምንም ሳይል የሄደበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ይርገዱ ስትሰማ አልጮኸችም። ሻሿን አውልቃ እንደገና አሰረችና "ለጎረቤት የምለውን አንቺው ንገሪኝ" አለች። ወይንእሸት ሁለተኛ ወጣች በይ አለቻት። አንደኛ ወጥታ ሁለተኛ ወጣሁ ማለትን የሚያህል ከባድ ነገር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

አስቻለች ወንበር ቀየረች። አላኮረፈችም፣ አልተሳደበችም፤ ደብተሯን አንስታ ባየ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ወይንእሸት ከዚህ በላይ ምን ያስቀናል እያለች፣ ባየ ሲያስቃት ከሩቅ እያየች ሰነበተች። ቅናቷ እንደሁ አልቀነሰም። ይቅርታ ልትል ሁለት ጊዜ ተነስታ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ አስቻለች አዲስ ሹሩባ ተሠርታ፣ ለሞጣው ዕለት፣ አምሮባት አየቻትና ተመልሳ ተቀመጠች።

ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀር አስቻለች ራሷ መጣች። ደብተሯን ከፍታ ወይንእሸት ፊት አደረገችው። የሳተቻቸው ሦስቱ ጥያቄዎች ናቸው።

"ማብራሪያውን አንብቤዋለሁ፤ አልገባኝም" አለች። "መምህር ገላውም አስረድተውኛል። አንቺ አስረጂኝ። ግን አትተንፍሺ።"

"ምን?"

"ስታስረጂ የምትተነፍሽው አለ። እሱን ተይው።"

ወይንእሸት ደረቷ ውስጥ የተዘጋጀውን አየር ዋጠችው። እስክሪብቶውን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች፤ አስቻለች አልሰጠቻትም። እኔ ልጻፍ፣ አንቺ ንገሪኝ አለች። የመጀመሪያዋን ነገረቻት። አስቻለች አልገባኝም አለች። በሌላ በኩል ነገረቻት። አሁንም አልገባኝም። ወይንእሸት በዚያን ጊዜ ነው ያወቀችው፤ "እሺ" የማትል ልጅ ፊት እንዴት እንደሚቆም አታውቅም። እንደ ድሮው "በቃ" ብላ ብትነሳ ልጅቱ ሞጣ ሄዳ ትስታለች፣ ማንም የሚያውቅ የለም። ይኼን አሰበች። አላሰበችም ማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ በደንብ አሰበችው። ግን እሷ ያስረዳችው ነገር ተበላሽቶ ትልቅ መጋረጃ ላይ ሲታይ ታያት። ያንንም አልወደደችውም። እንደገና ጀመረች። ፀሐይ ከወንበር ወንበር እስክትዘዋወር ቆዩ። ሦስተኛዋ ስትገባት አስቻለች ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ በወንበሯ ላይ ዘለለች።

ወይንእሸት ያን ዝላይ ከመስኮት ውጭ ሆና ነበር የምታውቀው። አሁን ፊት ለፊቷ ነው። ቅናቷ አልለቀቃትም፤ ግን አጠገቡ ሌላ ነገር መጥቶ ተቀመጠ፣ ተገፋፍተው።

ሐሙስ ዕለት ክፍሉ በሙሉ ኮምፒውተሩ ክፍል ተሰበሰበ። ሞጣ ላይ የሚነካው ሁሉ ቢቸና ላይ ይታያል። የሞጣው ልጅ ታዘበው ይባላል። አስቻለች ልክ፣ ታዘበው ልክ፤ እሷ ልክ፣ እሱም ልክ። ታዘበው ዘጠነኛውን ሲስት ኮምፒውተሩ ክፍል ሊፈርስ ደረሰ። አሥራ አንደኛው ላይ አስቻለች ሳተች፤ የወይንእሸት ልብ እንደ ጥጃ ዘለለ፣ ወዲያው ደግሞ አፈረችበትና ጥግ ሄደች። ከጥግ ግን ይታያል። አሥራ አራተኛው መጣ። ሲያዩት የሚያስፈራ፣ ሲነኩት የሚፈታ ጥያቄ ነው። ወይንእሸት መልሱን ገና ምርጫው ሳይወጣ አወቀችው፤ ቢ። ቢ በይ፣ አለች ለራሷ፣ ቢ በይ አንቺ። አስቻለች ሲን ነካች። ቀይ።

ታዘበው በአንድ በለጣት።

ክፍሉ እያጉረመረመ ወጣ። ወይንእሸት ቀረች። የሞጣውን ኩዊዝ ከፍታ ሃያውንም ሠራች፤ በራሷ ስም፣ በራሷ ቁጥር። ሃያውም አረንጓዴ ሆነ። ያየ ሰው አልነበረም። ታዘበውን ትበልጠው ነበር። ሞጣን ትበልጥ ነበር። ይኼን ለማን ትንገረው? ለእናቷ? ለባየ? አንድ ሰው ብቻ ነው ይኼ ነገር የሚገባው፤ እሷም ሞጣ ናት።

ዓርብ ከሰዓት መናኸሪያ ሄዳ ቆመች። የሞጣ አውቶቡስ አቧራውን ይዞ ገባ። መጀመሪያ መምህር ገላው ወረዱ፤ አይተዋት፣ ሰላም ብለዋት፣ ቆም ሳይሉ አለፉ። ከዚያ አስቻለች፣ ሹሩባዋ አቧራ ለብሶ፣ ዓይኗ ሥር አብጦ። ወይንእሸት እንኳን ደህና ገባሽ ልትል ነበር የመጣችው። ይቅርታም ልትል ነበር፤ መንገድ ላይ ስትለማመደው ነው የመጣችው።

"አሥራ አራተኛዋን ለምን ሲ አልሽ?" አለች።

አስቻለች ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"አንቺ መጀመሪያ ንገሪኝ" አለች። "ሃያውንም ስትስቺ፣ የትኛዋ ላይ ነው እጅሽ ለመሳት እምቢ ያለሽ?"

ረዳቱ ከመንገዱ ዞር በሉ ብሎ ጮኸባቸው። ወይንእሸት ሻንጣውን አንስታ ተሸከመችና፣ መልሱን እያሰበች፣ በእውነት እያሰበች፣ ከአስቻለች ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ተከተለች።

"ሰባተኛዋ ላይ" አለች በመጨረሻ። "እሷ ቆንጆ ጥያቄ ነበረች።"